የደጊቱ ፎቶ የት ይታጠብ

ጋሽ ይኸነውን የማያውቅ የእንጅባራ ሰው የለም ብል ብዙ አላጋነንሁም። ከተማዋን ኮሶ በር እያልን በምንጠራበት በዚያ ዘመን፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ለመውሰድ ጉርድ ፎቶ ግድ ነበር። እኛም ፊታችንን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥበን፣ ፀጉራችንን በቅቤ አለስልሰን ተሰልፈን የምንቆመው በእሳቸው በር ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ከምስማር የማይወርድ አንድ ጥቁር ኮት ነበራቸው። ሁላችንም ያንኑ ኮት እየተቀባበልን ተነሣን። ለአንዱ እስከ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ለሌላው ክንዱ ላይ ያጥራል፤ ጉርድ ፎቶ ግን ከደረት በታች አያሳይምና ሁላችንም የባለሥልጣን ልጅ መስለን ወጣን። የፈተና ቅጾቹ ዛሬ ቢሰበሰቡ ያ ኮት ስንት ጊዜ እንደተፈተነ ይታወቅ ነበር።

ከካሜራው ኋላ ጋሽ ይኸነው ይቆማሉ። ከጎን ነጭ አንሶላ ዘርግተው ብርሃኑን ወደ ፊታችን የሚመልሱት ደግሞ ባለቤታቸው እትዬ ደጊቱ ነበሩ። ኮሌታችንን የሚያስተካክሉት፣ አፍንጫችንን የሚጠርጉት፣ «አንተ፣ ምነው ከወዲሁ እንደወደቀ ሰው ታኮርፋለህ? ፈተናው ገና ነው!» እያሉ የሚያስቁን እሳቸው ናቸው። ጋሽ ይኸነው ዝምተኛ ነበሩ። «አትንቀሳቀስ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ሲናገሩ የሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

እትዬ ደጊቱ አምና በጥር ወር አረፉ።

በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ከፍ ተደርጎ ይያዛል። አልቃሽ እሱን እያየ ነው ስም የሚጠራው፤ ሩቅ የነበረ ዘመድ እሱን አይቶ ነው ደረቱን የሚመታው። በዚያን ዕለት ታዲያ ፎቶ ቢፈለግ፣ ቢፈለግ ጠፋ። በመታወቂያቸው ላይ ያለው፣ ማኅተም ፊታቸው ላይ አርፎበት አይለይም። ልጃቸው ዮዲት በስልኳ ያነሣቻቸው ከስልኩ ጋር ከጠፋ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ የሚለብሱት ነጠላ በዘንግ ተሰቅሎ ተለቀሰበት። ከዘንገና ሐይቅ በኩል የመጡት ታላቅ እኅታቸው ወይዘሮ ወርቅአየሁ መጀመሪያ በአውንጊ አለቀሱ። ኋላ ግን ቤቱ ሁሉ እንዲሰማቸው ወደ አማርኛ መለሱት።

«እናንተ ሰዎች፣ አገር ምድሩን ፎቶ ሲያነሣ የኖረ ሰው የገዛ ሚስቱን በነጠላ ያስለቅሳል?»

ለቀስተኛው ያልሰማ መሰለ። ጋሽ ይኸነው ግን ሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደደከሙ ቀሩ። ወንበር ላይ ሲቀመጡ ተጭኖ የመጣ ነገር እንደሚያራግፍ ሰው ይተነፍሳሉ፤ ሲነሡም እንደዚያው።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ዮዲት «አባ፣ ዘንድሮ እንኳ ትልቅ ፎቶ ግድግዳ ላይ ይኑር። አክስቴ ወርቅአየሁ ዳግም ስትመጣ ምን ልንላት ነው?» አለቻቸው። እሳቸውም አልጋ ሥር ገብተው የቆየ የእንጨት ሣጥን ጎትተው አወጡ።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ነገር መናገር አለብኝ። ድሮ ፊልም ካሜራ ውስጥ ሲገባ ጫፉን ብርሃን ያገኘዋል፤ ብርሃን ያገኘው ደግሞ ይቃጠላል። ስለዚህ ሌሎች ፎቶ አንሺዎች አዲስ ፊልም ሲያጎርሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ባዶውን ተኩሰው ያሳልፉታል። ጋሽ ይኸነው ቆጣቢ ናቸውና ባዶውን አይተኩሱም። «ደጊቱ፣ እስቲ ቁሚልኝ» ይሏቸዋል። እትዬ ደጊቱም አንሶላቸውን እንደያዙ ዞር ይላሉ፤ ቀጭ! የብርሃኑ ልክ በዚያው ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ደንበኛው ይገባል። የመጀመሪያዋ ቁራጭ ለማንም የማትሆን ስለሆነች አትታተምም። ስንቱ ፊልም፣ በስንቱ ዓመት እንዲያ ተጀመረ! ሣጥኑ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ እትዬ ደጊቱዎች ነበሩ ማለት ነው።

ነበሩ። ጣራው ግን ለብዙ ክረምት ሲያፈስ ኖሮ ኔጋቲቩ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ ከተላቀቀውም ብዙው ላይ ብርሃኑ ፊታቸውን ሙሉ በሙሉ በልቶታል። ጋሽ ይኸነው ሦስት ቀን በመስኮት ብርሃን ሲያገላብጡ ሰንብተው አንዲት አገኙ። በእሷም ቢሆን ቀኝ ፊታቸው የለም። ግራው ግን ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጉንጫቸው ላይ ያለው ማርያም የሳመቻቸው ምልክት ሳይቀር።

የት ትታጠብ? ጥያቄው ይህ ነበር። ዮዲት ጥያቄም አልመሰላት። መናኸሪያው አጠገብ ሀይማኖት የምትባል ልጅ ፎቶ ቤት አላት፤ ሠርጉም ምርቃቱም ዛሬ እሷ ዘንድ ነው። ጋሽ ይኸነው ኔጋቲቧን በመሐረብ ጠቅልለው ሄዱ።

ሀይማኖት መብራት ላይ አድርጋ አየቻትና «ውይ አባባ፣ ግማሹ እኮ ተቃጥሏል» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ምንም አይጨነቁ፤ እኔ አስተካክዬ እሠራዋለሁ። ከነገ ወዲያ ይምጡ።»

መጡ፤ ከዮዲት ጋር። ስክሪኑ ላይ እትዬ ደጊቱ ሙሉ ሆነው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ሰማያዊ ሰማይ፣ ጆሯቸው ላይ የወርቅ ጉትቻ፣ ፊታቸው እንደ ዕንቁላል ልሙጥ። ዮዲት አፏን በእጇ ይዛ «እናቴ! እንዴት ታምራለች!» አለችና እንባዋ መጣ።

ጋሽ ይኸነው መነጽራቸውን አደረጉ፤ አወለቁ፤ እንደገና አደረጉ።

«ይቺ ማን ናት?»

«እንዴ፣ እትዬ ደጊቱ ናቸዋ!» አለች ሀይማኖት።

«የእኔን ደጊቱ ማርያም የሳመቻት አንድ ጊዜ ነው።»

ሀይማኖት ጠጋ ብላ አየች። ምልክቱ በሁለቱም ጉንጭ ላይ ነበር፤ ያውም በእኩል ቦታ። ሳቋ አመለጣት። «ይቅርታ አባባ፤ ግማሹ ስለሌለ ደህናውን ጎን ገልብጬ ገጠምኩት። አንዷን ላጥፋት? ደቂቃ አይፈጅም።»

አጠፋችው። ጋሽ ይኸነው ረጅም ጊዜ አዩና «አይ» ብለው መሐረባቸውን ዘረጉ። «ኔጋቲቧን መልሽልኝ።»

መንገድ ላይ ዮዲት ተቆጣች። «አባ፣ አሁን ያ ምኑ ይጠላል? ሰው ሁሉ የሚያሠራው እንደዚያ ነው!»

«የቀኝ ዓይኗ ከግራው ትንሽ ያንስ ነበር።»

«ማን ያያል እሱን?»

«እኔ አያለሁ።»

«እሺ፣ ታዲያ ለአክስቴ ግማሽ ፊት ልታሳያት ነው? በነጠላው ያን ያህል የተናገረች፣ በዚህ ደግሞ ምን ትለን ይሆን?»

ጋሽ ይኸነው መሐረቡን ኪሳቸው ከተቱ። ሌላ ፎቶ ቤት ግን ያውቃሉ። ስሙን ከአንደበታቸው ካወጡ ሃያ አምስት ዓመት ስላለፋቸው ነው ለልጃቸው ያልነገሯት።

ጋሽ ይኸነው ግምጃ ቤት ከሚባል አገር የመጡ የገበሬ ልጅ ናቸው። ሙያውን የተማሩት ዳንግላ ነው፤ አብረዋቸው የተማሩት ደግሞ አቶ እንግዳው። ሲለያዩ አንዱ ካሜራውን፣ አንዱ ጨለማ ክፍሉን ተካፈሉ። ጋሽ ይኸነው እንጅባራ ላይ ያነሣሉ፤ አቶ እንግዳው ዳንግላ ላይ ያጥባሉ፣ ያትማሉ። በሁለቱ መካከል ፊልሙን በመሐረብ ቋጥረው ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ የሚመላለሱት እትዬ ደጊቱ ነበሩ። ኋላ ቀለም መጣ። አቶ እንግዳው ማጠብ የሚችሉት ጥቁርና ነጩን ብቻ ነው፤ ደንበኛ ደግሞ ቀለም ካላየ አልከፍልም አለ። ጋሽ ይኸነው ፊልማቸውን ወደ ባሕር ዳር መላክ ጀመሩ። መጥተው አልተናገሩም፤ እትዬ ደጊቱን ልከውም አላስነገሩም። አንድ ቅዳሜ ፊልሙ ቀረ፤ በሚቀጥለውም ቀረ። በቃ። ጠብ አልነበረም፤ ዕርቅም የማያሻው ለዚያ ነው፤ ከጠብ ይልቅ የከበደውም ለዚያ ነው።

በማግስቱ፣ ውርጩ ሣሩ ላይ ገና ሳይቀልጥ፣ ጋሽ ይኸነው ሚኒባስ ተሳፈሩ። እግራቸው ሥር የድንች ጆንያ ተቀምጦ ጉልበታቸውን መዘርጋት አልቻሉም። አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ሲቆም «ልውረድና ልመለስ ብዬ ነበር» ብለውኛል። ያልወረዱት ከጆንያው ጋር መታገል ስለደከማቸው ነው።

አቶ እንግዳው ከበራቸው ፊት አግዳሚ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ከበሩ በላይ ያለው ጽሑፍ ለቆ «ፎቶ» የሚለው ብቻ ቀርቷል።

«እንደምን አደርህ፣ እንግዳው።»

አቶ እንግዳው ቀና ሳይሉ «ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ» አሉ። «ምነው፣ የባሕር ዳር ውኃ ደረቀ እንዴ?»

«ደረቀ።»

«አየህ፣ ያ ሁሉ ጣና!» ብለው ጠጋ አሉላቸው። ጋሽ ይኸነው ተቀመጡ። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ከመንገዱ ማዶ የሚራገፍ የከሰል ጋሪ አዩ።

«ደጊቱ አረፈች» አሉ ጋሽ ይኸነው።

«ለእኔ ትነግረኛለህ? ቀብሩ ላይ ነበርሁ እኮ። ከኋላ ቆሜ።»

«አላየሁህም።»

«አንተ ካሜራ ካልያዝህ መቼ ታያለህ! ነጠላውን ሲያነሡት ግን እኔም አየሁ። ያቺ እኅቷ ምላሷ አሁንም አልዶለዶመም።»

ጋሽ ይኸነው መሐረቡን ፈትተው ኔጋቲቧን ሰጧቸው። አቶ እንግዳው ከኪሳቸው አጉሊ መነጽር አውጥተው ወደ ፀሐይዋ ዘረጓት። አንድ ጊዜ አራቋት፤ መልሰው አቀረቧት።

«እቺን አውቃታለሁ» አሉ።

«ሁሉንም አንተ አይደለህ ያጠብሃቸው።»

«ኧረ ለብቻዋ አውቃታለሁ። አትሜያታለሁ።» መነጽሩን ዝቅ አደረጉ። «ፊልም ስታመጣ እስኪደርቅ እዚያ በር ላይ ትቆማለች። ከገመዱ ላይ ሳወርደው ጫፉን ይዛ ወደ ብርሃን ታየዋለች። ጫፉ ላይ ሁልጊዜ እሷ ናት። ትስቃለች፣ ትመልስልኛለች። አንድ ቅዳሜ ግን እቺን አየችና ‹አትምልኝ› አለች። ‹ግማሽሽን ብርሃን በልቶት ምን ያደርግልሻል?› ብላት ‹የተረፈው ይበቃኛል› አለችኝ። የክብሪት ቀፎ የምታህል አተምሁላት። ‹ለእሱ እንዳትነግረው፣ ወረቀት አባከናችሁ ይላል› ብላ በመሐረብ ቋጥራ ሄደች።»

«የት አደረገችው?»

«እኔ በምን አውቄ? ቤቱ ያንተ ነው።»

ጋሽ ይኸነው ቤታቸውን በሐሳብ ዞሩት፤ ሣጥኑን፣ የዳዊቱን ገጽ፣ የቁም ሣጥኑን መሳቢያ። ሁሉም ከለቅሶው በኋላ ለነዳያን ሲሰጥ፣ ሲጠረግ፣ ሲታጠብ ዓመቱ አልፏል።

«ለደንበኛ የማይሆነውን ነበር ለእሷ የምሰጣት» አሉ። «አንድ ጊዜ እንኳ ደህናውን ፊልም አላወጣሁባትም።»

አቶ እንግዳው ኔጋቲቧን በጥንቃቄ መሐረቡ ላይ አስቀመጡና «እንግዲህ አንተ እንደዚያ ታስበው ነበር» አሉ። «እኔ ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ያየሁት አንድ ነገር ነው። ያንተ ፊልም በሌላ ሰው ጀምሮ አያውቅም። እሷም የምታየው ያንኑ ነበር።»

የከሰሉ ጋሪ ባዶውን ሄደ።

«እንዲሁ አትምልኝ» አሉ ጋሽ ይኸነው በመጨረሻ። «እንዳለች። ትልቅ አድርገህ።»

አቶ እንግዳው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደባቸው። ተነሥተው የጨለማ ክፍሉን በር ከፈቱ። እስከ ጣራ ድረስ ሽንኩርት ነበር። «ማተሚያው ከሽንኩርቱ ሥር ነው። ወረቀት የለም፣ የማጠቢያ መድኃኒቱም የለም፤ ዓይኑም ይኸው የምታየው ነው።»

«ታዲያ የት ልውሰዳት?»

«ልጅቷ ጋር መልሳት። ማሽኗ ደህና ነው አሉ። አንተ እጇን ብቻ ያዝላት።»

ጋሽ ይኸነው በዚያው ቀን ወደ ሀይማኖት ተመለሱ። ከጎኗ ወንበር ስበው ተቀመጡና «እንዳለች አንሥተሽ አትሚ። ምንም አትንኪ» አሏት። ሀይማኖት ጣቷ ከልማድ ወደ ማውሱ በሄደ ቁጥር «እ!» ይላሉ። በአንድ ወገን ነጭ ብርሃን፣ በሌላው ወገን ግራ ጉንጫቸውን ወደኛ አዙረው፣ የአንሶላቸውን ጫፍ በእጃቸው እንደያዙ የሚስቁ እትዬ ደጊቱ ቀስ ብለው ከማሽኑ ወጡ።

«አባባ፣ የሚያየው ሰው ማተሚያዬ የተበላሸ ይመስለዋል እኮ» አለች ሀይማኖት የምር ተጨንቃ። «እባክዎን፣ የት አሳጠቡት ካሉዎት የእኔን ቤት እንዳይጠሩ። እንጀራዬ ነው።»

«አልጠራም።»

በሙት ዓመቱ ዕለት ድንኳን ተተከለ፤ እኔም ነበርሁ። ፎቶው በቀርከሃ ፍሬም ሆኖ ከበሩ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ዮዲት እስከ መጨረሻው ከአባቷ ጋር አልተስማማችም፤ ነጠላ አጣፍታ፣ ከንፈሯን ነክሳ የአክስቷን መምጣት ትጠብቃለች። ጋሽ ይኸነው ጥጉ ላይ አቶ እንግዳው አጠገብ ተቀምጠዋል። አቶ እንግዳው ከዳንግላ ማልደው ነው የመጡት፤ በዚህ ጊዜ ከኋላ አልቆሙም።

ወይዘሮ ወርቅአየሁ ገቡ። ገና ከደጁ ጀምሮ ለቅሶ ይዘው ነበር የመጡት፤ ፎቶው ፊት ሲደርሱ ግን ዝም አሉ። ጣታቸውን አንሥተው ያቺን ምልክት ነኩ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ነጩ ወገን ሄደ።

«እዚህ ጋ ምን ሆነች?»

«ብርሃን ነው» አሉ ጋሽ ይኸነው። «ፊልሙ ሲጀምር ያገኛት ብርሃን ነው።»

ወይዘሮ ወርቅአየሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደገና አዩ፤ ቆይተውም በአውንጊ ለእኅታቸው የሆነ ነገር አሉ፤ ለቅሶ አይመስልም፣ የጠዋት ሰላምታ ይመስላል። ከዚያ ወደ ጋሽ ይኸነው ዞሩ።

«ማን ቤት አሳጥበኸው ነው?»

ዮዲት አባቷን አየች። ጋሽ ይኸነው ቀና አሉ።

«ዳንግላ» አሉ። «እንግዳው ቤት።»

አቶ እንግዳው የያዙት የጠላ ዋንጫ አፋቸው ጋ ሳይደርስ ቆመ። ወዳጃቸውን በጎን አዩ።

«እሰይ» አሉ ወይዘሮ ወርቅአየሁ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ዳንግላ መሄድ ትወድ ነበር።»

ሰዎች ተጠጋግተው ለእሳቸው ቦታ ለቀቁላቸው፤ ለቅሶውም ከቆመበት ቀጠለ። ጋሽ ይኸነው ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አቶ እንግዳው ጎንበስ ብለው በጆሯቸው «ሽንኩርት ሽንኩርት አይሸትም ወይ ቢሉህ ምን ልትል ነበር?» ሲሏቸው ሰማሁ። ጋሽ ይኸነው ዓይናቸውን አልገለጡም። «አትንቀሳቀስ» አሏቸው።